ቮልቱ ሙሉ፣ ድምፁ ግማሽ

የአሮጌዋ መኪናዬ ክላክስ ድምፁ እየሰለለ ከመጣ ሰነባብቷል። «አርጅቷልና ለውጠህ ተገላገል» ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ እኔም ልገዛ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ኮፈኑን ከፈትኩና ወንድሜ መሪው ላይ እየተጫነልኝ አዳመጥኩ። ክላክሶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም ድምፅ ያለው። ጣቴን ጀርባቸው ላይ ሳሳርፍ ቀጭኑ በደከመ ጉልበት ይርገበገባል፤ ወፍራሙ ጭራሽ በድን ነው። ፊውዙን ለማየት አልደከምኩም፤ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ዝም ባሉ ነበር።

ከዚያ የሠራሁት ስህተት ቅዳሜዬን በላው። ሽቦውን ከቀጭኑ ክላክስ ነቅዬ በቴስተር ብለካው 12.5 ቮልት። «ኤሌክትሪኩስ ይደርሳል፤ የሞተው ራሱ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ለካስ ነቅሎ መለካት ያሞኛል! ቴስተር የሚስበው ኤሌክትሪክ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ክላክስ ግን በርካታ አምፔር ይፈልጋል። የዛገ መገናኛ ጉዱ የሚወጣው ያ ሁሉ ሲያልፍበት ነው።

በሳምንቱ ሽቦውን ሳልነቅል፣ ክላክሱ እየተነፋ ለካሁ። ከሽቦው መግቢያ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ 12.1፤ ደህና ነው። ከክላክሱ አካል እስከዚያው ኔጋቲቭ ግን 2.8 ቮልት! ወደ ዜሮ መጠጋት ነበረበት። ለክላክሱ የተረፈው 9.3 ብቻ ነው ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ክላክሴ የሚገባው ሽቦ አንድ ብቻ ስለሆነ ማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበትን መንገድ፣ የሚያገኙት ከታሰሩበት ብረት ነው። ብሎኑን ስፈታ ከሥሩ ዝገት እንደ ቅርፊት ተላጠ። ብረቱ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፤ መልሼ አጥብቄ ካሰርኩ በኋላ ከላይ ግራሶ ቀባሁ። 2.8 የነበረው 0.1 ሆነ፤ ቀጭኑም ነፍስ ዘራ።

ወፍራሙ ከባትሪው በቀጥታ በሽቦ ብሰጠውም «ጭቅ» ብሎ ቀረ። ጀርባው ላይ ያለውን ማስተካከያ ብሎን የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጌ፣ በካቻቢቴ ሩብ ዙር አዞርኩ፤ አጉረመረመ። ጥቂት ብጨምርለት ድንገት ጮኸ። ጭንቅላቴ ኮፈኑ ሥር ስለነበር ጆሮዬ እስከ ማታ ሲጮህ አመሸ፤ የምትሞክሩ ጆሯችሁን ደፍኑ።