ከአርባ ምንጭ እስከ ኦሞራቴ፦ የቱ ነገር የት ያልቃል?

የአርባ ምንጩ ሲቀላ መናኸሪያ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሞቅ ብሏል። ረዳቶቹ «ኮንሶ! ኮንሶ! ጂንካ የሞላ!» ይላሉ። መጀመሪያ የሚያደናግረው ስሙ ነው። «ኮንሶ» እየተባለ የሚጠራው ከተማ በወረቀት ላይ ካራት ነው፤ ስልክ ላይ ያለው ካርታ አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ይጠራዋል። ኮንሶ የዞኑም የሕዝቡም ስም ስለሆነ «ኮንሶ ያለው ባንክ» ሲባል ካራት ማለታቸው መሆኑን ማረጋገጥ አይከፋም።

በዚህ መስመር ከተማ በገባሁ ቁጥር የምጠይቀው «እዚህ ምን አለ?» ብዬ አይደለም። «ከዚህ ወዲያ የማላገኘው ምንድን ነው?» የሚለው ይበልጥ ይጠቅማል። መልሱን የሚያውቁት የአይሱዙ ሹፌሮች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በየገበያው የሚዞሩ ነጋዴዎች ናቸው። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ብዙውን ጊዜ ከከተማው ወጥቶ አያውቅም።

አርባ ምንጭ ሁለት ከተማ ናት፤ ላይኛው ሸቻ፣ ታችኛው ሲቀላ፣ በመካከላቸው 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት። «ባንኩ ጋ ነኝ» ያለ ሰው የትኛው እንደሆነ ካልነገረ ባጃጅ ሁለቴ መክፈል ይመጣል። እዚህ ሁሉም ነገር አለ፤ ተጓዡ የሚሳሳተውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ «ሲቸግረኝ እገዛለሁ» ብሎ ያልፋል። ከዚህ ሳይወጡ መጨረስ ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ የመታወቂያ ወይም የፋይዳ ኮፒ ሦስት አራት፣ ጉርድ ፎቶ፣ አጎበር፣ ለመኪና ደግሞ ትርፍ ካላማዳሪያና የመለዋወጫ ጎማው ንፋስ። የመለዋወጫ ጎማ ከመኪናው ሥር ተሰቅሎ ከርሞ ሲወርድ ጠፍጣፋ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ብር ደግሞ በዝርዝር። ባለ 200 ኖት ገበያ ላይ መልስ አያገኝም፤ ባለ 10 እና ባለ 50 ይሻላል። የተቀደደና በፕላስተር የተለጠፈ ብር አርባ ምንጭ ላይ ሳያንገራግሩ ይቀበሉት ይሆናል፣ ቱርሚ ላይ ግን ገልብጠው አይተው ይመልሱታል።

ነዳጅን በተመለከተ ማደያ መኖሩና ነዳጅ መኖሩ ለየቅል ናቸው። የሚጠየቀው «ናፍጣ ገብቷል?» ተብሎ ነው። የተሰለፉ አይሱዙዎች ሞተራቸውን አጥፍተው ሹፌሮቹ ጥላ ሥር ተኝተው ከሆነ ነዳጁ ገና እየተጠበቀ ነው። ሰልፉ ቢረዝምም የሚንቀሳቀስ ከሆነ መሰለፍ ያዋጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍያው በስልክ ነው፤ ስለዚህ ነዳጅ ለመቅዳት ሦስት ነገር በአንድ ሰዓት መገናኘት አለበት፦ ነዳጁ፣ ፓምፑን የሚያዞር መብራት ወይም ጄኔሬተር፣ ክፍያውን የሚያሳልፍ ኔትወርክ። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል ቀጂው እጁን አጣጥፎ ይቆማል፤ እሱን መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው። እኔ የምከተለው ሕግ ታንከሩ ግማሽ ሲደርስ ባገኘሁበት መሙላት ነው፤ «ጂንካ ስደርስ» አይባልም።

መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ለሞተር ሳይክልና ለባጃጅ ያገለግላል። ችግሩ ዋጋው ብቻ አይደለም፤ ውኃና ደቃቅ አሸዋ ይኖረዋል። ግድ ከሆነ ጠርሙሱን ሳያናውጡ አሥር ደቂቃ ያህል ማቆምና ከሥሩ የተለየ ሽፋን መኖሩን ማየት ነው። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ይዘቅጣል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ እያጠለሉ መቅዳት፣ የመጨረሻዋን ሁለት ጣት ያህል መተው።

ካራት ከአርባ ምንጭ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ እዚህ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ያቤሎ፣ ሌላው ወደ ጂንካ። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የኮንሶ እርከኖችና በግንብ የታጠሩ መንደሮች ማየት የፈለገ በቀጥታ መንደር ከገባ ይመለሳል፤ ትኬቱም አስጎብኚውም የሚገኙት ካራት ባለው የቱሪዝም ቢሮ ስለሆነ መጀመሪያ እዚያ ነው። ገበያው ሰኞና ሐሙስ ይቆማል።

ስለ «ሲስተም የለም» ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በዚህ መንገድ ላይ ከጎማ ይልቅ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው። ቃሉ አንድ፣ በሽታው ሁለት ነው። አንደኛው የቅርንጫፉ መስመር ብቻ ሲቋረጥ ነው። ሁለተኛው የከተማው ኔትወርክ በጠቅላላ ሲወርድ ነው፤ ይህ የሚሆነው በአብዛኛው መብራት ከጠፋ ሰዓታት ካለፉና የቴሌ ማማው ባትሪ ካለቀ በኋላ ነው። የሚለዩት በኪስ ባለ ስልክ ነው። የቴሌብሩን *127# ወይም የንግድ ባንኩን *889# ደውሎ ማየት ነው። መልስ ከሰጠ ኔትወርኩ አለ፣ ችግሩ የቅርንጫፉ ነው፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያዋጣል። ስልኩ ራሱ ሲግናል ካጣ ግን የባንኩ ወንበር ላይ መዋል ዋጋ የለውም፤ ወደሚቀጥለው ከተማ መሄድ ይሻላል። እነዚህ ኮዶች ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ መተግበሪያው «እየጫነ ነው» ብሎ ሲቆም እነሱ ያልፋሉ። ስለዚህ የሚስጥር ቁጥሩን ከመተግበሪያው ውጭም ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በጣት አሻራ ብቻ መክፈት የለመደ ሰው እዚህ ይቸገራል።

ከካራት በጂንካው መንገድ ሲቀጥሉ የሚገኘው ወይጦ ቆላ ነው፤ ከመኪና ሲወርዱ ሙቀቱ ፊት ላይ ይለጠፋል። ወደ አርቦሬ የሚወስደው አቋራጭም ከዚሁ ይነሣል፤ ዝናብ ከጣለ ግን ጭቃው መኪና ይዞ ስለሚያሳድር ከዚያ በኩል የመጣ ሹፌር ሳይጠይቁ መግባት የለም። ጎሚስታ ለማግኘት ምልክቱ መንገድ ዳር በእንጨት ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጎማ ነው፤ ጽሑፍ የለውም። አንዱ ጋ ሥራውን ቁጭ ብዬ አየሁት። ልጁ ጎማውን በሁለት ፌሮ ፈልቅቆ ካላማዳሪያውን አወጣ፣ ነፋው፣ በተቆረጠ በርሜል ውኃ ውስጥ እያዞረ ነከረው። አረፋ የወጣበትን በእስክሪብቶ ከበበ፣ አደረቀ፣ በሞረድ ፋቀ፣ ማስቲሽ ቀባና እስኪደርቅ ጠበቀ፤ ቸኩሎ የለጠፈው ይላቀቃልና። ከዚያ መለጠፊያውን አድርጎ በመዶሻ ደበደበው።

ብዙ ጎሚስታ የሚዘነጋውን ይህ ልጅ አልዘነጋም፦ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳሰሰ። የዚህ አገር ቀዳዳ በአብዛኛው የግራር እሾህ ነው፤ ከውጭ ተሰብሮ ስለሚቀር አይታይም፣ ጫፉ ግን ወደ ውስጥ ይሾላል። ካልወጣ አዲስ የተለጠፈው ካላማዳሪያ ከአምስት ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይበሳል፤ ጥፋቱም በመለጠፊያው ይላከካል። በባዶ እጅ ከመዳሰስ በጨርቅ ይሻላል፤ ጨርቁ እሾሁ ላይ ይያዛል፣ እጅም አይቆረጥም። ከገጠመው በኋላ ቫልቩ ላይ ምራቅ ቀብቶ አረፋ አለመኖሩን አሳየኝ።

ቀይ አፈር መገንጠያ ናት፦ በአንዱ በኩል ጂንካ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሌላው ዲመካ፣ ቱርሚ፣ ኦሞራቴ። ሐሙስ ገበያዋ ነው፤ በናው፣ ሐመሩ፣ ፀማዩ፣ አሪው ይገናኛል። ከዚህ ወዲያ የሳምንቱ ቀን ከከተማ ስም በላይ ይጠቅማል። ማክሰኞ አልዱባና ዲመካ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካና ጂንካ፣ ሰኞ ቱርሚ። በገበያ ቀን በሌላ ቀን የሌለ አገልግሎት ይቆማል፦ ልብስ ሰፊው ከነመኪናው፣ የስልክ ጠጋኙ፣ ሲም ካርድ የሚያወጣው ልጅ፣ አንዳንዴ የክትባት ቡድን። ትራንስፖርቱም አቅጣጫ ይቀይራል። ጠዋት ሁሉም ወደ ገበያው ይመጣል፤ ወደ ውጭ የሚሄድ መኪና የሚገኘው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው።

ጥሬ ብር ከቴሌብር ወኪል ለማውጣትም ሰዓት አለው። ወኪሉ የሚሰጠው መሳቢያው ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። በገበያ ጠዋት ከብት ገዢው ብር ሲያወጣበት መሳቢያው ይራቆታል፤ ከሰዓት በኋላ የሸጠው ሰው ብሩን ይዞ ማታ መንገድ ላለመሄድ ሲያስገባ ይሞላል። ስለዚህ ጠዋት «የለም» ያለው ወኪል 10 ሰዓት ላይ ይኖረዋል። የገንዘቡን መድረስ የሚያሳየው መልእክት ሳይመጣ ከሱቁ መውጣት አያስፈልግም፤ ኔትወርኩ ሲንተፋተፍ ወኪሉም ደንበኛውም ሁለቴ ይነካሉ፣ ሁለቴም ይቆረጣል።

ስልክ ቻርጅ የሚደረገው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ሱቅ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ስልኩ ጀርባ ላይ ይለጥፍና ተመሳሳዩን ቁጥር ይሰጣል። ከመስጠት በፊት ሲሙን ማውጣትና ስልኩን ማጥፋት ነው፤ ጠፍቶ ቶሎ ይሞላል፣ ሲሙ ላይ ያለው ብርም ከስልኩ ባለቤት ጋር ይቆያል። ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ የገባ ስልክ ግን በባትሪው ትርፍ ስለሆነ ግማሽ አይሞላም።

ጂንካ ሁሉም ነገር የሚገኝባት የመጨረሻዋ ከተማ ናት፤ ሆስፒታል፣ ባንኮች፣ መለዋወጫ። የመንግሥት ጉዳይ ያለው ሰው ግን አድራሻውን ከማመኑ በፊት ይደውል። ነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት መቀመጫው ለስድስት ከተሞች ነው የተከፋፈለው፦ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሳውላ፣ ጂንካ፣ ካራት። አሪም ከደቡብ ኦሞ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል። ታፔላ በሥራ ፍጥነት አይቀየርም፤ በር ላይ የተጻፈው ስም አንድ፣ ውስጥ ያለው መሥሪያ ቤት ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱ ስም ከመጠየቅ በሥራው መጠየቅ ይሻላል፤ «የንግድ ፈቃድ የሚታደሰው የት ነው?» ማለት። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ነው፤ ዓርብ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ማንም የለም። ደብዳቤው አልቆ ማኅተም ያዡ መስክ ወጥቶ ከሆነ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቀው ጸሐፊዋ ሳትሆን ጥበቃው ነው።

ጤና ኬላ በየቀበሌው አለ፤ በሩ ተቆልፎ ሲገኝ ግን ተዘግቷል ማለት አይደለም። ሁለቱ የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይወጣሉ። ጎረቤቱን «እኅት የት ሰፈር ዋሉ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለትኩሳት የጣት ደም ምርመራ እዚያው ይደረጋል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ከሆነ ኮአርተም የተባለው ክኒን ይሰጣል፤ ለአዋቂ 4 ፍሬ በአንድ ጊዜ፣ በ3 ቀን 6 ጊዜ፣ ድምሩ 24። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፣ ከምግብ ጋር። ብዙ ሰው ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ሲለቀው የቀረውን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጣል፤ በሽታው የሚመለሰው በዚህ ነው። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ዓይነት ከሆነ መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ ስለዚህ ሳይመረመሩ የጓደኛን ትራፊ መዋጥ ስሕተት ነው። የሚያስመልሰው፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባቸው።

ርቀት ሲጠይቁ «እዚህችው ናት» የሚል መልስ ከተገኘ አይታመንም። «አባባ፣ አሁን ብነሣ ፀሐይ የት ስትደርስ እደርሳለሁ?» ሲባል ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ያሳያሉ፤ ያ ልክ ነው።

ከዲመካ ቱርሚ 28 ኪሎ ሜትር፣ ከቱርሚ ኦሞራቴ 72 ገደማ። በመካከል ያሉት ደረቅ ወንዞች እዚህ ፀሐይ እያለ ላይ በዘነበ ዝናብ ይሞላሉ፤ ውኃው ከመጣ ከዳር ቆሞ መጠበቅ እንጂ በጎማ ጥልቀት መለካት አይሞከርም። ኦሞራቴ ላይ የኢሚግሬሽን ኬላ አለ፤ የውጭ ዜጋ ፓስፖርቱን ያስመዘግባል፣ አገሬውም መታወቂያውን ቢይዝ ይበጀዋል። ቱርሚ ትቼው ልምጣ ያለ የውጭ እንግዳ 72ቱን ኪሎ ሜትር ተመልሶ ይሄዳል።

የመመለሻ መኪና ገና ሳይነጋ ነው የሚወጣው፤ ትኬት መቁረጫ መስኮት መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ሹፌሩና ረዳቱ ራት የሚበሉበትን ቤት ጠይቆ መሄድ፣ ለረዳቱ ስምና ስልክ ማስመዝገብ፣ ታርጋውን መጻፍ፣ ያደሩበትንም አልቤርጎ ማወቅ። ተመዝግበውም ቢሆን 10 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው አጠገብ መቆም ነው፤ የፊት ወንበር ቀድሞ ለደረሰ ነው።