አልወጣ ያለው መሙያ

ቨርጂኒያ ውስጥ አሮጌ ሰዓት በሚጠግን ትንሽ ሱቅ ተቀጥሬ አራተኛ ወር ላይ ነበርኩ። የሥራ ድርሻዬ የሚመጣውን ሰዓት መቀበል፣ መዝገብ ላይ ማስፈርና ፖስታ ውስጥ ከትቶ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ከዚያ አልፌ እንድነካ ገና አልተፈቀደልኝም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባለሱቁ በሌሉበት፣ አንድ የአገሬ ሰው መጡ። ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው የዘወትር ደንበኛችን ናቸው። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ በምድር ባቡር አገልግለዋል፤ አሜሪካ ከገቡ ወዲህ ደግሞ የዚህ አገር የባቡር ሠራተኞች ይይዟቸው የነበሩትን የኪስ ሰዓቶች ይሰበስባሉ። ስለ ዋልታም፣ ስለ ኤልጂን፣ ስለ ኢሊኖይ ሲያወሩ አብሮ አደጎቻቸውን የሚያነሡ ይመስላል። የዚያን ቀን ያመጡት ፔንሲልቬኒያ፣ ላንካስተር ከተማ የተሠራ ሃሚልተን 992 ነበር።

«ልጄ፣ በሳምንት ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ እየቀረ ነው። ይጠረግና ዘይት ይቀባልኝ» ብለው ሰጡኝና ሄዱ።

ብቻዬን ስቀር የኋላ ክዳኑን ፈታሁት። በኒኬሉ ላይ ሞገድ የመሰለ ቅርጽ ተስሏል፤ በወርቃማ ፊደል 21 ዕንቁ፣ ማለትም ውስጡ ያሉት ክፍሎች መፋተግ ሳይበዛባቸው እንዲዞሩ የሚያግዙ ድንጋዮች፣ እንዳለው ተጽፏል፤ ቀያዮቹ የሩቢ ድንጋዮች በየቦታቸው ፍም መስለው ይታያሉ። የፊቱ ገጽ እንደ ሸክላ ሳህን ነጭ ነው። ከ1 እስከ 12 ያሉት ቁጥሮች ደማቅ ጥቁር፣ ቆጣሪዎቹ በእሳት ሰማያዊ የተደረገ ብረት ናቸው። መዝገቡ ላይ «መሙያው በደንብ ይሞላል» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነበር፤ ሞልቼው ወዲያው መቁጠር ጀምሮ ነበር።

ክፋቱ፣ ስምንት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። ባለሱቁ ሲመጡ በትክክለኛው ጊዜ ላይ ቢያገኙት ደስ ይላቸዋል ብዬ አሰብኩ። የእጅ ሰዓት የምናስተካክለው መሙያውን ወደ ውጭ ሳብ አድርገን በማዞር ነውና እንደዚያው ሳብኩት። አልወጣም። በጥፍሬ ሞከርኩ፤ አልወጣም። ዝጎ ነው አልኩ። በጨርቅ ጠቅልዬ በፒንሳ ያዝኩና ጎተትኩት። የደረቀ ስንደዶ ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት ቀጭን ድምፅ ተሰማኝና መሙያው ከነዘንጉ እጄ ላይ ቀረ።

መልሼ ስገፋው ገብቶ ተቀመጠ፤ ላየው ሰው ምንም ያልሆነ ይመስላል። ፖስታውን አሽጌ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። እሑድን ሙሉ «ሰዓቱ ሲመጣ ተሰብሮ ነበር» የሚል ታሪክ ስፈጥርና ሳፈርስ ዋልኩ። ሰኞ ጠዋት ባለሱቁ ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው መሙያውን ለአፍታ አዩና ማን በፒንሳ እንደያዘው ጠየቁኝ። ጨርቁ ሸሽቶ ኖሮ ሁለት የጥርስ ምልክት ወርቁ ላይ ቀርቷል። «እኔ ነኝ» አልኩ።

አልተቆጡም። የፊት መስታወቱን እንደ ጠርሙስ ክዳን ፈትተው አነሡት። እኔ ያ መስታወት እንደሚፈታ እንኳ አላውቅም ነበር። ከገጹ ጠርዝ፣ በ1 እና በ2 ቁጥር መካከል፣ የስስ ብረት ምላስ ጫፍ ብቅ ብሏል። በጥፍራቸው ሳብ አደረጉት። ከዚያ በዘንጉ ምትክ ትንሽ ቁልፍ አስገብተው ሲያዞሩ ቆጣሪዎቹ ዞሩ። ምላሱን መልሰው ሲገፉት ቁልፉ ሞላውን ብቻ ያጠብቃል፤ ቆጣሪዎቹ ንቅንቅ አይሉም። የሰበርኩት በሰዓቱ አንገት ውስጥ ዘንጉን አንቃ የምትይዘውን ስንጥቅ ቱቦ ነበር።

ምክንያቱን ያስረዱኝ ያን ዕለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን በምትባል ጣቢያ የፖስታ ባቡርና የመንገደኛ ባቡር ተጋጭተው ሰዎች ሞቱ። የአንደኛው ነጂ ሰዓት ለአራት ደቂቃ ቆሞ እንደገና መሄድ በመጀመሩ ነው ተብሎ በሰፊው ይነገራል። ከዚያ በኋላ የክሊቭላንዱ ሰዓት ነጋዴ ዌብ ቦል የባቡር ሰዓቶችን የሚቆጣጠር ሥርዓት እንዲዘረጋ ተሾመ። እየተጠናከረ የሄደው ደንብ ሰዓቱ በሳምንት ከ30 ሴኮንድ በላይ እንዳይዛነፍ፣ ቢያንስ 17 ዕንቁ እንዲኖረው፣ በአምስት አቀማመጥ ተፈትኖ እንዲስተካከል አዘዘ። ምላሷም ግዴታ የሆነችው በዚሁ ነው። መሙያ ኪስ ውስጥ ሳይታወቅ ተስቦ ሊወጣ፣ ቆጣሪውም ሊዞር ይችላል፤ መስታወት ፈትቶ ምላስ መሳብ ግን ሆን ብሎ ካልሆነ አይደረግም። እኔ ዝገት ያልኩት ያ እንቢታ ሰው ለማዳን ተብሎ የተበጀ ነበር። ከዚህ የበለጠ የሰው ልጅ አሳቢነት የሚታይበት ብረት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ለጋሼ ስልክ መደወል የእኔ ፈንታ ሆነ። በዚያው ቀን መጡ። መሙያውን መዳፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የመጀመሪያው ባለቤት በየቀኑ ሲሞላው ጥርሶቹ በአውራ ጣቱ ተልገው፣ ወርቁ አልቆ ነሐሱ ይታያል።

«በድሮው ሐዲድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሐዲዱ አንድ ነበር። ሁለት ባቡር የሚተላለፈው ጣቢያ ላይ ብቻ ነበር፤ አንዱ ቆሞ ሌላውን ይጠብቃል። እዚያ ሰዓት የያዘ ሰው ነፍስ ይዟል። አንተ በፒንሳ ያዝከው!»

መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ባለሱቁ ከመለዋወጫው መሳቢያ ልኳ የገጠመ ቱቦ አገኙ። መሙያውንም በደህና ሊለውጡላቸው ፈልገው ነበር፤ ጋሼ ግን እምቢ አሉ። የፒንሳው ጥርስ ቢታይም የሰውየው አውራ ጣት አብሮ ይታያል አሉ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መዝገቡ ላይ አንድ ረድፍ ጨምሬያለሁ፤ ሰዓቱ በቁልፍ፣ በመሙያ ወይስ በምላስ እንደሚስተካከል የሚጻፍበት። መስታወቱን ፈትቼ ሳላይ አልሞላውም። የሰዓቱን መለያ ቁጥርም ከክዳኑ ሳይሆን ከማሽኑ ላይ እገለብጣለሁ፤ በዚያ ዘመን ማሽኑና የውጭ ቤቱ ለየብቻ ይሸጡ ስለነበር የተሠራበትን ዓመት ለማወቅ የሚያገለግለው የማሽኑ ቁጥር ነው።

ጋሼ ሰዓታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ መስታወቱን ራሳቸው ፈቱና ወደ እኔ ገፉት። «አንተ አስተካክለው» አሉኝ። ምላሱን በጥፍሬ ሳብኩ፣ ቆጣሪውን ከግድግዳው ሰዓት ጋር አገናኘሁ፣ ምላሱን መልሼ ገፋሁ፣ መስታወቱን አጠበቅኩ። ጆሯቸው ላይ አስጠግተው አዳመጡት። ከዚያ 10 ቁጥር ላይ ያለውን ቆጣሪ አይተው፣ «አራት ሰዓት ሆነ እንዴ፣ አረፈደብኝ» ብለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና ወጡ።