የመስታወት ክፍሌን ጣሪያ ስቀይር፦ ሁለቱ ፈቃዶች

እንግሊዝ አገር ብዙ ቤት ከጓሮ በኩል ኮንሰርቫቶሪ የሚሉት የመስታወት ክፍል አለው። የእኛው ጣሪያው ፖሊካርቦኔት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነበር። በብርዱ ወራት አያስቀምጥም፣ ፀሐይ ስትወጣ ያነድዳል። ዝናብ ከጣለማ ቡና እየጠጡ መጨዋወት አይታሰብም። ስለዚህ በድፍን ጣሪያ ልተካው ተነሳሁ።

ዋጋ ሊነግረኝ የመጣው ሻጭ «ፈቃድ ምናምን አያስፈልግም» አለኝ። ግማሹ እውነት ነው። እዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ፕላኒንግ (የግንባታውን መጠንና መልክ የሚያይ ፈቃድ) እና ቢልዲንግ ሬጉሌሽን (ግንባታው ጠንካራና አስተማማኝ መሆኑን የሚያይ ሕግ)። አንዱ ሲያልፍ ሌላው አብሮ አያልፍም።

ፕላኒንጉ የሚያየው ከውጭ ነው። ፎቅ የሌለው የጓሮ ቅጥያ ቁመቱ ከ4 ሜትር ካልበለጠ፣ ለአጥር ከ2 ሜትር በታች ሲቀርብ ደግሞ የጣሪያው የታችኛው ጠርዝ ከ3 ሜትር ካላለፈ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማመልከቻ አይጠየቅም። አፓርታማ ግን ይህ መብት የለውም። በቅርስነት የተመዘገበ ቤትም የራሱን የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነው፦ ቅጥያ መልኩ ከዋናው ቤት ጋር መመሳሰል አለበት፣ ኮንሰርቫቶሪ ግን ከዚህ ነፃ ነው። ድፍን ጣሪያ ሲለብስ አሁንም ኮንሰርቫቶሪ ነው ወይ የሚለው ያከራክራል። እኔ የቤቱን ጣሪያ የሚመስል ንጣፍ መርጬ ተገላገልኩ። ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ሥራው ሕጋዊ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት በክፍያ ይሰጣል። ግዴታ አይደለም፤ እኔ ግን ወረቀት እወዳለሁ፣ አወጣሁት።

ዋናው ጉዳይ ቢልዲንግ ሬጉሌሽኑ ነው። ከ30 ካሬ ሜትር በታች ሆኖ ከቤቱ ለውጭ በሚሆን ጠንካራ በር የተለየ ኮንሰርቫቶሪ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ሕግ ነፃ ነው። ድፍን ጣሪያ ሲመጣ ግን ማመልከት ግድ ነው። አንዱ ምክንያት ክብደቱ ነው። የድሮዎቹ የፕላስቲክ መስኮት ክፈፎች የተሠሩት ቀላል ጣሪያ ሊሸከሙ እንጂ እንጨትና ጂፕሰም ሊሸከሙ አይደለም። የግንባታ ተቆጣጣሪው መሠረቱን አስቆፍሮ አየ፣ የኢንጂነር ስሌት ጠየቀ፣ ማዕዘኖቹ በብረት እንዲጠናከሩ አዘዘ። ጣሪያው ሳይሸፈን ኢንሱሌሽኑንም፣ ማለትም ብርድና ሙቀት መከላከያውን፣ ተመልክቷል። ወደ ቤት የሚያስገባውን በር አላስነሳሁም፤ ቢነሳ ሌላ ጣጣ ይከተላል።

ሲያልቅ የማጠናቀቂያ ሰርተፍኬት ይሰጣል። ቤቱ ሲሸጥ የገዢው ጠበቃ የሚጠይቀው እሱን ነው። ውሉ ላይ የመጨረሻው ክፍያ ከሰርተፍኬቱ በኋላ እንዲሆን አስገባሁ። የጣሪያው ሻጭ ፊቱን አጠቆረ፣ ግን ፈረመ።