እማዬ "ምች ነው" ስትል

ኩላሊቷን የሰጠችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ንቅለ ተከላው በተደረገ በአራተኛው ወር፣ አራት ኪሎ ቤታችን ቡና እየጠጣን ሳለ ከንፈሬ ዳር ያቃጥለኝ ጀመር። ማታውን ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ሽፍታዎች ወጡ።

"ምች ነው፤ ዳማከሴ ላሽልሽ" አለች እማዬ።

እውነቷን ነው፣ ድሮም ምች ይወጣብኝ ነበር፤ በሳምንቱ ደርቆ ይጠፋል። አሁን ግን ሰውነቴ እንደ ድሮው አይደለም። ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት የሚባሉ መድኃኒቶች የምውጠው ሰውነቴ አዲሱን ኩላሊት እንዳይጥለው የበሽታ መከላከያዬን ለማዳከም ነው። ይህን ምች የሚያወጣው የሄርፒስ ቫይረስ ደግሞ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ የሚደክሙበትን ቀን ይጠብቃል። አልማዝ ባለጭራም እንዲሁ ነው፤ በልጅነት የያዘን ጉድፍ ነው ከዓመታት በኋላ የሚነሳው።

ለካ እስከ ሦስተኛው ወር የጠበቀኝ ቫልጋንሳይክሎቪር የሚባለው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ነበር። የታዘዘልኝ ሳይቶሜጋሎ ለሚባለው የሄርፒስ ቤተሰብ ቫይረስ ነው፤ ግን ምቹንም ይዞልኝ ኖሯል። ነጭ የደም ሴልን ስለሚቀንስ በየጊዜው ለምርመራ ደም እሰጥ ነበር፣ ያ ሁሉ መርፌ ሲያማርረኝ።

"እማዬ፣ እህቴ የሰጠችኝን በቅጠል አልሞክርበትም" አልኳት። ዝም አለች። ዳማከሴ ብዙ ልጆች ያሳደገችበት ነው፣ ቃሌ ከብዷት ይሆናል።

ጠዋት ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። አሳይክሎቪር የሚባል ፀረ ቫይረስ አዘዘልኝ፤ መጠኑን የወሰነው የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየውን የክሬቲኒን ምርመራ ውጤቴን አይቶ ነው፣ መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ነውና። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድመጣ አስጠነቀቀኝ። ስመለስ እማዬ አጥሚት ሠርታ ጠበቀችኝ።