እያደር የሚጠራው ውሸት

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው አባባል በጆርጅ ኦርዌል «አኒማል ፋርም» ውስጥ አይሠራም። ሰሞኑን መጽሐፉን እንደገና ሳነበው እንደታየኝ፣ በዚያ እርሻ ላይ እያደር የሚጠራው ውሸቱ ነው፤ እውነቱ በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት እየደበዘዘ ሄዶ፣ በመጨረሻ የሚያስታውሰው ፍጡር ራሱ «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» ብሎ ይተወዋል።

መጽሐፉ በ1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1945) የታተመ፣ የስታሊንን አገዛዝ በእንስሳት አምሳል የሚተች ልቦለድ መሆኑ የታወቀ ነው። እንስሳቱ የእርሻውን ባለቤት አባርረው ራሳቸውን ማስተዳደር ይጀምራሉ። አብዛኛው አንባቢ የሚያስታውሰው ያን ጊዜ ለራሳቸው ያወጧቸውና በግድግዳው ላይ የተጻፉት ሰባት ትእዛዛት በስውር መለወጣቸውን ነው፤ እኔን ግን ከዚያ ይልቅ የያዘኝ የስኖውቦል ዕጣ ነው። ስኖውቦል ሰዎቹ እርሻውን ለማስመለስ በመጡበት በከብቶቹ በረት ጦርነት እንስሳቱን መርቶ፣ ጀርባው ላይ በጥይት ፍንጣሪ ቆስሎ፣ የጀግና ኒሻን የተሸለመ አሳማ ነው። ተቀናቃኙ አሳማ ናፖሊዮን በውሾች አሳድዶት ሥልጣኑን ከጠቀለለ በኋላ የአገዛዙ አፈ ቀላጤ ስኩዊለር መጀመሪያ የሚናገረው «ጀግንነት ብቻውን አይበቃም» በማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ማን ይቃወማል? ጥቂት ቆይቶ ሰውየው ከመነሻው የጠላት ወኪል እንደነበረ በምስጢራዊ ሰነድ ተረጋገጠ ይባላል፤ ቀጥሎ ኒሻን ተሸልሞ እንደማያውቅ፣ እንዲያውም በፈሪነቱ እንደተወቀሰ ይነገራል፤ በመጨረሻም በጦርነቱ ላይ ከሰዎቹ ጎን ተሰልፎ እንደተዋጋ ይታመናል። ጠባሳውን ብዙዎች በዓይናቸው ስላዩት ጠባሳው አልተካደም፤ የተለወጠው ያቆሰለው ነው፤ የናፖሊዮን ጥርስ የነከሰው ነው ተባለ። ፈረሱ ቦክሰር «እኔ እኮ ሲደማ አይቼዋለሁ» ብሎ ሊከራከር ሞክሮ፣ ናፖሊዮን እንዲህ ብሏል ሲባል ወዲያው ይረታል። ከሞኝነቱ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ያየውን የሚመሰክርለት ሁለተኛ ሰው አለመነሳቱ ነው። (እንስሳቱን «ሰው» እያልኩ መጻፌን አሁን አስተዋልኩ፤ አልሰርዘውም።)

እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር አሉ። መጽሐፉን አውሻቸው ኖሮ እሁድ ከሰዓት ሊመልሱልኝ መጡና በዚያው ቡና እየጠጣን ስናወራ አመሸን። ጋሼ በ1967 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ መስከረም 1 ቀን፣ ደርግ የብሪታኒያዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስና ቅንጦት ምስሎች ጋር አቀላቅሎ በቴሌቪዥን ሲያሳይ፣ ጋሼ ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ካዩት መካከል ነበሩ። «አየህ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ረሃቡም እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። የእነሱ ሥራ መገጣጠሚያው ላይ ነው።» ያው መንግሥት በ1977 ዓ.ም. መስከረም የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስና ሰልፍ ሲያከብር፣ በወሎና በትግራይ የሚረግፈው ሕዝብ ወሬ እንዳይሰማ ታፍኖ እንደነበርና ጥቅምት ላይ የውጭ ቴሌቪዥን ባያጋልጠው ኖሮ ምን ያህል ተደብቆ ሊቆይ ይችል እንደነበር ሲያወሩ፣ ናፖሊዮን በረሃብ ጊዜ ባዶዎቹን የእህል ማስቀመጫዎች በአሸዋ አስሞልቶ፣ ከላይ እህል አልብሶ፣ እርሻውን ከውጭ ሰዎች ጋር ለሚያገናኘው ጉዳይ አስፈጻሚ ያሳየበትን ክፍል አስታወስኩ። ኦርዌል ስለ እኛ አልጻፈም፤ በዋናነት በልቡ የነበረው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሶቪየት ኅብረት የተካደው ረሃብ ሳይሆን አይቀርም።

የሚገርመው፣ ታሪክን ስለሚከልሱ ሰዎች የተጻፈው ይህ መጽሐፍም ከክለሳ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣውን የካርቱን ፊልም በስውር የደጎመው የአሜሪካው ሲአይኤ ነበር፤ በፊልሙም መጨረሻ እንስሳቱ እንደገና አምጸው ናፖሊዮንን ይገለብጡታል። በመጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ መጽሐፉ የሚያበቃው አሳማውን ከሰው መለየት ሲያቅታቸው ነው።

ከጋሼ ጋር ያልተስማማነው በአህያው በቤንጃሚን ላይ ነው። ቤንጃሚን እንደ አሳማዎቹ ማንበብ እየቻለ የማያነብ፣ ሁሉን እያስታወሰ የማይናገር ነው። አቅሙ የደከመውን ቦክሰርን ወደ ሐኪም ነው ተብሎ ጭኖ የሚሄደው ጋሪ የፈረስ አራጅ ጋሪ መሆኑን ጮክ ብሎ ያነበበ ዕለት ጊዜው አልፏል፤ ስኩዊለርም በማግስቱ ሳይሆን ትንሽ ቆይቶ፣ ጋሪውን ሐኪሙ ከአራጁ ስለገዛው አሮጌው ጽሑፍ ገና አልተቀባም ብሎ ሁሉንም አሳመነ። እኔ ከውሾቹ ቀጥሎ ለናፖሊዮን የጠቀመው ይህ አህያ ነው አልኩ። ጋሼ ግን አዘኑለት። «ዘጠኝ ውሻ ቆሞ ለማን ይናገር? የሚያስታውሰውን አብሮት የሚያስታውስ ከሌለ፣ ንግግሩ እብደት ይባላል» አሉ።

«ክሎቨር ነበረች እኮ ጋሼ» አልኳቸው። ናፖሊዮን ከሃዲ ናቸው ያላቸውን እንስሳት ካስገደለ በኋላ ፈረሷ ክሎቨር፣ እንስሳ እንስሳን አይግደል የሚል ትእዛዝ እንደነበረ ትዝ ብሏት፣ ማንበብ ስለሚያቅታት ስድስተኛውን ትእዛዝ እንዲያነብላት የለመነችው ቤንጃሚንን ነው። እሱ ግን በዚህ ነገር አልገባም ብሎ እምቢ ስላላት፣ ፍየሏን ሙሪየልን ጠርታ አስነበበች፤ ግድግዳው ላይ «ያለ ምክንያት» የሚል ተጨምሮ ስታገኝም ከእኔ አእምሮ ጠፍቶ ነው ብላ ተቀበለች። ጋሼ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብለው ገጹን እስኪያገኙት ቅጠል በቅጠል ገለጡ፤ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «እንግዲያው ፍርዱ ይጽናበት» አሉ።