ጡረተኛ ኮሎኔል «የቀድሞ ኮሎኔል» አይደለም፦ በአሜሪካ ጦር ማዕረግ ከስንብት በኋላ

በእኛ ልማድ ማዕረግ ከስም ጋር አብሮ ይኖራል። ግርማ ወልደጊዮርጊስ ከ1994 እስከ 2006 ዓ.ም. የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነው ሳለ እንኳ ሕዝቡ የሚጠራቸው «መቶ አለቃ ግርማ» እያለ ነበር። አበበ ቢቂላም እስከ ዛሬ ሻምበል ነው። ልማዱ ደግ ነው። ነገር ግን በአሜሪካ ጦር የሚያገለግሉ ልጆቻችንን ስንብት ሲቃረብ የሚያሳስታቸውም እሱ ነው። እዚያ ትከሻ ላይ ያለ ማዕረግ በራሱ ተከትሎ ቤት አይገባም። ወር ይቆጠራል፣ ፋይል ይገለበጣል፣ ከዚያ በኋላ የጡረታ ማዕረጉ ምን እንደሆነ በትእዛዝ ይጻፋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በመጀመሪያ ጡረታ መውጣትና መልቀቅ ይለያያሉ። 20 ዓመት አገልግሎ በጡረተኞች መዝገብ ላይ የሰፈረ መኮንን በጡረታ ማዕረጉ የመጠራትና የዚያን ማዕረግ የደንብ ልብስ የመልበስ መብት በሕግ ተሰጥቶታል። 6 ወይም 8 ዓመት አገልግሎ ሻምበል ሳለ የለቀቀ ግን ጡረተኛ አይደለም። እሱን የሚመለከተው ሌላ አንቀጽ ነው፤ በጦርነት ጊዜ በክብር ያገለገለ ሰው በዚያ ጦርነት በደረሰበት ከፍተኛ ማዕረግ ሊጠራ ይችላል ይላል። ስሙ ላይ «ጡረተኛ» የሚል ቃል ከጨመረ ግን ትክክል አይሆንም። ለዚህ ሰው «የቀድሞ የጦር መኮንን» የሚለው አባባል በልኩ ነው።

የአማርኛ ዜና የሚጽፉ ሰዎችም እዚህ ላይ ቢጠነቀቁ ደስ ይለኛል። «የቀድሞ» የሚለው ቃል ለሥራ ቦታ እንጂ ለማዕረግ አይሆንም። «የቀድሞው የብርጌድ አዛዥ፣ ጡረተኛ ኮሎኔል እገሌ» ቢባል ትክክል ነው። «የቀድሞ ኮሎኔል» ከተባለ ግን ሰውየው ማዕረጉን የተገፈፈ ይመስላል። በዚያው ላይ የባሕር ኃይል «ካፕቴን» ከምድር ጦር ኮሎኔል ጋር እኩል ስለሆነ ሻምበል ተብሎ ሲተረጎም ሦስት ደረጃ ዝቅ ይላል።

አሁን ወደ ወር ቆጠራው። እስከ ሻለቃ ድረስ ላለ መኮንን በማዕረጉ 6 ወር ማገልገል ይበቃዋል። ከሌተናል ኮሎኔል ጀምሮ ግን በራሱ ፈቃድ ጡረታ የሚጠይቅ ሰው በዚያ ማዕረግ 3 ዓመት መሙላት አለበት። የመከላከያ ሚኒስትሩ ይህን ወደ 2 ዓመት ዝቅ እንዲል ሊፈቅዱ ይችላሉ፤ ፈቃድ እንጂ መብት ስላልሆነ እሱን ተማምኖ ቤት መግዛትና ሥራ መያዝ አደገኛ ነው። ጁላይ 1 ቀን 2022 ሌተናል ኮሎኔል የሆነ መኮንን ኖቬምበር 1 ቀን 2024 ጡረታ ልውጣ ቢል በማዕረጉ የቆየው 28 ወር ነው። ፈቃድ ካላገኘ የሚወጣው በሻለቃነት ነው። 8 ወር ቢታገሥ ኖሮ ጁላይ 1 ቀን 2025 በሌተናል ኮሎኔልነት ይወጣ ነበር። ጡረታ ምንጊዜም የሚጀምረው ከወሩ የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ አንዲት ቀንም ዋጋ አላት። ማዕረጉን ያገኘው ጁላይ 2 ቀን ከሆነ እስከ ኦገስት 1 መጠበቅ አለበት።

ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት ቆጠራውን የሚጀምሩበት ቀን ላይ ነው። ማዕረግ የማልበስ ሥነ ሥርዓቱ የተደረገበት ቀን አይቆጠርም። አንዳንድ መኮንን ለያዘው ኃላፊነት ሲባል ዕድገቱ ከመጽደቁ በፊት የላይኛውን ማዕረግ ምልክት እንዲያደርግ ይፈቀድለታል፤ ያ ጊዜም ደመወዝ አይጨምርም፣ ለጡረታም አይቆጠርም። የሚያዘው በዕድገት ትእዛዙ ላይ የተጻፈው ቀን ነው። በሌላ በኩል ከስንብት በፊት የሚወሰደው የመጨረሻ ዕረፍት ከአገልግሎት ስለሚቆጠር ሦስቱን ዓመት በእሱ መሙላት ይቻላል። በሕክምና ቦርድ በጉዳት ጡረታ የሚወጣ ሰው ሌላ ሕግ አለው፤ ለዕድገት ተመርጦ ሳለ ያስቀረው ጉዳቱ ብቻ ከሆነ ሊያገኝ በነበረው ማዕረግ ሊወጣ ይችላል።

ከተራ ወታደርነት ተነሥተው መኮንን የሆኑትን በተለይ የሚመለከት ነጥብ አለ። በመኮንንነት ጡረታ ለመውጣት ጠቅላላው 20 ዓመት አይበቃም፤ ከውስጡ ቢያንስ 10 ዓመቱ የመኮንንነት አገልግሎት መሆን አለበት። ይህ አንዳንድ ጊዜ ወደ 8 ዓመት ዝቅ እንዲል ይፈቀዳል፣ ግን ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። 13 ዓመት በባለሌላ ማዕረግተኛነት፣ 7 ዓመት ደግሞ በመኮንንነት ያገለገለ ሻምበል በ20ኛው ዓመቱ ከወጣ ወደ ቀድሞው የሃምሳ አለቃነት ማዕረጉ ተመልሶ ጡረታ ይወጣል። ሆኖም ነገሩ በዚያ አያበቃም። በሥራ ላይ ያሳለፈው ዓመትና በጡረተኞች መዝገብ የቆየበት ዓመት ተደምሮ 30 ሲሞላ በሚገባ ወዳገለገለበት ከፍተኛ ማዕረግ ከፍ ሊደረግ ይችላል። ለዚህ ሰው ያ ቀን 10 ዓመት ከጠበቀ በኋላ ይመጣል። ማመልከቻውን ከወዲሁ አዘጋጅቶ ትእዛዞቹን ማስቀመጥ ይገባል።

ወሩ ቢሞላም ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ በዚያ ማዕረግ በሚገባ አገልግሏል ወይ? በፋይሉ ውስጥ የጽሑፍ ተግሣጽ፣ የዲሲፕሊን ቅጣት ወይም የጦር ፍርድ ቤት ውሳኔ ካለ ጉዳዩ ወደ ማዕረግ መወሰኛ ቦርድ ይሄዳል። ከጄኔራል እስከ ታች የሚቀር የለም። የአፍሪኮም (የአሜሪካ ጦር የአፍሪካ ዕዝ) የመጀመሪያው አዛዥ የነበሩት ዊሊያም ዋርድ ባለአራት ኮከብ ጄኔራል ሳሉ፣ የመንግሥትን ገንዘብ ለጉዞ አላግባብ አውጥተዋል ተብለው በ2012 ባለሦስት ኮከብ ሆነው ጡረታ ወጡ፤ 82,000 ዶላርም እንዲመልሱ ተደረገ። ብርጋዴር ጄኔራል ጄፍሪ ሲንክሌር ደግሞ በ2014 ሁለት ደረጃ ወርደው በሌተናል ኮሎኔልነት ወጡ። ስለዚህ ጡረታ ከመጠየቅ በፊት የራስን ፋይል አውጥቶ ገጽ በገጽ ማንበብ ግድ ነው። ቦርዱ መልስ እንዲሰጥ ሲጋብዝ ዝም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው፤ የጦር ጠበቃ አማክሮ በጊዜው መጻፍ ያስፈልጋል።

የጡረታ ትእዛዙ ሲደርስ የመውጫውን ቀን ብቻ አይቶ ማጠፍ አይገባም። የጡረታ ማዕረግ የሚለውን መስመር ፈልጉ። በዲዲ 214 (በስንብት ማስረጃው ቅጽ) ላይ ደግሞ ቁጥር 4 ማዕረጉንና የደመወዝ ደረጃውን፣ ቁጥር 12 በመጨረሻው በኩል ደረጃው የጸናበትን ቀን ይይዛል። ሦስቱ ካልተስማሙ ከመውጣት በፊት ማሳረሙ ቀላል ነው። ከወጡ በኋላ በዲዲ 149 ቅጽ ለመዝገብ ማረሚያ ቦርድ ማመልከት ይኖርባችኋል። ጊዜው ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ 3 ዓመት ነው፤ ቦርዱ ለፍትሕ ሲል ሊያልፈው ይችላል።

በተጠባባቂ ጦርና በናሽናል ጋርድ (በየክፍለ ግዛቱ ባለው ጦር) ያሉ ለጡረታ የሚቆጠሩ 20 ዓመታት ቢሞሉም የጡረታ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በ60 ዓመታቸው ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ ጡረተኞች ተጠባባቂ መዝገብ መዛወርን እንጂ ሙሉ ስንብትን አይጠይቁ።

ማዕረጉ ከተገኘ በኋላ አጠቃቀሙም ድንበር አለው። በንግድ ካርድ ወይም በማስታወቂያ ላይ ማዕረግ መጻፍ ይፈቀዳል፣ ግን «ጡረተኛ» የሚለው በግልጽ መታየት አለበት፤ ጦሩ ድርጅቱን የደገፈ እንዳይመስል። የደንብ ልብሱን ለሠርግ፣ ለቀብር፣ ለመታሰቢያ በዓልና ለብሔራዊ በዓል ሰልፍ መልበስ ይቻላል። ለፖለቲካ ሰልፍ አይቻልም። ዋሽንግተን ላይ ስለ አገራችን ጉዳይ የሚወጣ ሰልፍም ያው ሰልፍ ነው፤ ልብሱን ቤት ትታችሁ ውጡ። ከመደበኛው ጦር ወጥቶ ጡረታ የሚከፈለው መኮንን ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቱ በጦር ሕግ ሥር ነው፤ ወደ አገልግሎትም ሊጠራ ይችላል።

ወደ አዲስ አበባ መመለስ የሚያስቡ ይህን ልብ ይበሉ። ጡረተኛ መኮንን ከውጭ መንግሥት ደመወዝ ለመቀበል ያገለገለበት ጦር ሚኒስትርና የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አስቀድመው ሊፈቅዱለት ይገባል። የውጭ መንግሥት ማለት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም፤ በመንግሥት የተያዘ ድርጅትም ይገባበታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንግሥት ስለሆነ፣ ጡረታ የወጣ አብራሪ እዚያ ለመቀጠር ፈቃዱን ውል ከመፈረሙ በፊት መያዝ አለበት። ያለ ፈቃድ ከጀመረ ከዚያ በተቀበለው ገንዘብ ልክ የጡረታ ክፍያው ሊያዝበት ይችላል። መልሱ ወራት ስለሚፈጅ ማመልከቻው የሥራው ጥሪ እንደመጣ ይግባ።