በደሴ ሳይበሉ የቀሩ ስድስት ቁርሶች

የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ማክሰኞ ጠዋት ከቦሌ ተነሥተን አንድ ሰዓት ያህል በርረን ኮምቦልቻ አረፍን። የሄድነው ለሥራ ነው፤ እኔና አንድ ወጣት ባልደረባዬ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉትን ሁለት መጋዘኖች ንብረት ቆጥረን እሑድ እንድንመለስ ታዘን ነበር። ስለ ቆጠራው የምጽፈው የለኝም። ስለ ሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገትም ብዙ ሰው ስለጻፈ አልደግመውም፤ ጆሮዬ ሁለት ጊዜ እንደ ተደፈነና ኮምቦልቻ ላይ ያወለቅነውን ሹራብ ደሴ ስንገባ መልሰን እንደ ለበስነው ብቻ እገልጻለሁ። መጻፍ የፈለግሁት ስለ ቁርስ ነው።

ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገብቶ ነበር፤ ረመዳን ደግሞ ከአምስት ቀን በኋላ የካቲት 22 ተከተለ። እኔ በሁዳዴ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ድረስ እህል ውሃ አልቀምስም፤ ባልደረባዬ ሙስሊም ነውና ጎሕ ሳይቀድ ሱሁሩን በልቶ እስከ መግሪብ ይቆያል። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ማለትም ሆቴሎች ሁሉ ደጋግመው የሚያስተዋውቁት ቁርሳቸው በሚቀርብበት ሰዓት፣ ከሁለታችን አንዳችንም አፋችን ላይ የምናደርገው ነገር አልነበረም። ይህ በሌላ አገር እንግዳ ነገር ይሆን ይሆናል፤ በወሎ ግን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያጋጥም ነገር ነው።

ደሴ ያረፍንበትን ሆቴል ስሙን አልጠራም። በከተማዋ ከፍተኛ ደረጃ አላቸው ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ወለሉ እብነ በረድ፣ አሳንሰሩ ፈጣን፣ አንሶላው ንጹሕ፣ መስኮቱም በጦሳ ተራራ ትይዩ ነው። ከዚያ በፊት በተደጋጋሚ ስላረፍሁበት የክብር ደንበኛ ካርድ ሰጥተውኛል። በካርዱ ጀርባ የተጻፉት ጥቅሞች በዐሥር አዳር አንድ አዳር በነጻ፣ ክፍል ከተገኘ ወደ ሰፊው መዛወር፣ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳይከፍሉ መቆየት፣ እንዲሁም ቁርስ ለባለ ካርዱና ለአንድ ተጨማሪ ሰው የሚሉ ናቸው። ለአንድ ክፍል የተከፈለው 4,600 ብር ሲሆን የእኔ ቁርስ በዋጋው ውስጥ፣ የባልደረባዬ ደግሞ በካርዱ መብት ተይዞ ነበር። ሰፊውን ክፍል በእርግጥ ሰጥተውኛል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ባልበላም ወደ ምግብ አዳራሹ ወረድሁ። ቁርሴ ወደ 9 ሰዓት እንዲዛወርልኝ ለመጠየቅ ነበር አወራረዴ። ቡፌው የተትረፈረፈ ነበር፤ የእንቁላል ፍርፍር፣ ጨጨብሳ ከማር ጋር፣ ቂንጬ በቅቤ፣ ፉል፣ ድፎ ዳቦ፣ ፓፓያ፣ ሁለት ዓይነት ጭማቂ። በዳር በኩል «የጾም» የሚል ጽሑፍ የቆመበት የሽሮ ፍርፍር ነበረ፤ ሆኖም ቅቤ ከተነከረው ቂንጬ የወጣው ጭልፋ የጾሙ ፍርፍር ውስጥ ተሰክቶ አየሁ። በአዳራሹ ውስጥ የሚበሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በሁለት ጾም መካከል በምትገኝ ከተማ ያን ያህል ምግብ በዚያ ሰዓት ለማን እንደ ተሰናዳ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እንጀራ በተወደደበት ጊዜ 4 ሰዓት ላይ ያ ሁሉ ምግብ ወዴት እንደሚሄድ ሳስብም ልቤ ያዝናል።

አስተናጋጁን ጠየቅሁት። ጨዋ ልጅ ነው፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «ጋሼ፣ ቁርስ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሲስተሙ አይቀበልም» አለኝ። አለቃውን አስጠራሁ፤ እርሳቸውም ያንኑ ደገሙልኝ። በ9 ሰዓት ከመጋዘኑ ተመልሼ በዚያው አዳራሽ ያንኑ የሽሮ ፍርፍር አዘዝሁ። ዋጋው 480 ብር ነበር፤ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ቫት ተጨምሮበት 607 ብር ከ20 ሳንቲም ከፈልሁ። ሐሙስም እንዲሁ ሆነ። ጠዋት በነጻ የነበረው ምግብ ከአምስት ሰዓት በኋላ የሚሸጥ ምግብ ሆኖ ጠበቀኝ ማለት ነው።

የባልደረባዬ ግን ከእኔ የባሰ ነበር። ማክሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ወደ እንግዳ መቀበያው ቢደውል የሚያነሣ ጠፋ፤ ወርዶ ሲጠይቅ የጥበቃ ሠራተኛው ወጥ ቤቱ 12 ሰዓት ሳይሆን እንደማይከፈት ነገረው። በሻንጣው ውስጥ የነበረ ብስኩት በውሃ በልቶ ያን ዕለት ሙሉ ከመሰላል ላይ ካርቶን ሲቆጥር ዋለ። በማግሥቱ ምሽት ፒያሳ ወጥቶ ዳቦና ሙዝ ገዛ። እኔን በጣም ያሳዘነኝ በሆቴሉ መግቢያ ላይ የቆመው ትልቅ ማስታወቂያ ነው፤ «ልዩ የኢፍጣር ቡፌ» ይላል፣ ቴምሩ፣ ሾርባው፣ ሳምቡሳው በሥዕል ይታያል፣ ዋጋውም ከሥሩ ተጽፏል። ሆቴሉ የረመዳንን መግባት ምሽት ላይ ለሽያጭ ሲሆን ያውቅ ነበር፤ የእንግዳው ቁርስ የሚበላው ሌሊት መሆኑን ግን አላሰበበትም።

የንብረት ቆጣሪ ነኝና ሒሳቡን ሳልሠራ አልተኛሁም። ከረቡዕ እስከ ዓርብ ሦስት ጠዋት ለሁለት ሰው ስድስት ቁርስ ይሆናል። ከውጭ ለሚመጣ ተመጋቢ የተለጠፈው ዋጋ 550 ብር ስለነበር በድምሩ 3,300 ብር የሚያወጣ ጥቅም በወረቀት ተሰጠን፤ ከእርሱ የቀመስነው ግን ምንም የለም።

አንዳንድ ሰው፣ ሆቴል ለእያንዳንዱ እንግዳ ሰዓት ሊያበጅ አይችልም ይለኝ ይሆናል። ወደ ናይሮቢና ወደ ዱባይ ለሥራ በተላክሁባቸው ጊዜያት የታላላቆቹን ሆቴሎች የአባልነት ደንብ በጥንቃቄ አንብቤአለሁ። ሃያት በዓመት 60 አዳር ላደረሰ፣ ግሎባሊስት ለሚለው አባሉ፣ የክለብ ማረፊያ በሌለባቸው ሆቴሎቹ ሙሉ ቁርስ በነጻ ይሰጣል፤ ይህም አባሉን ብቻ ሳይሆን አንድ ሌላ አዋቂና ሁለት ልጆችን ያጠቃልላል። ለጋስ ደንብ ነው፤ ሆኖም ቁርሱ በጠዋት እንደሚበላ ቀድሞ የወሰነ ነው። ሂልተን ደግሞ በ2013 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ሙሉ አገልግሎት በሚሰጡ ሆቴሎቹ ለወርቅና ለአልማዝ አባላቱ ይሰጥ የነበረውን ነጻ ቁርስ አስቀርቶ በየዕለቱ ለምግብና ለመጠጥ የሚውል የተወሰነ ገንዘብ ተካበት። ብዙ አባላት ገንዘቡ ለአንድ ቡፌ እንኳ አይበቃም ብለው አማርረዋል፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነው። ለጾመኛ ግን ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላውቅም፤ ገንዘቡን በ9 ሰዓት ለሽሮ፣ ሌሊት 10 ሰዓትም ለሱሁር ማዋል ይቻላልና። ይህን ያሰቡት ጾመኛን አስበው አይደለም። ጾመኛ በሞላበት በደሴ ግን ይህን ለማሰብ የአሜሪካን ደንብ ማንበብ አያስፈልግም ነበር።

ቤቴ አዲስ አበባ ነው። በሁዳዴ ባለቤቴ የእኔን ምሳ በ9 ሰዓት፣ የልጆቹን በ6 ሰዓት ታቀርባለች፤ ድስቱም ጭልፋውም ከፍስኩ የተለየ ነው። በረመዳን የጎረቤታችን ወጥ ቤት መብራት ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይበራል። ከሆቴል የምጠብቀው ከዚህ የበለጠ አልነበረም።

ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ ባልደረባዬን በአይጠየፍ በኩል ይዤው ዞርሁ። የቀድሞው ኢማም መሐመድ ዓሊ፣ የኋላው ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር (የግብዣ) አዳራሽ ነው፤ «አይጠየፍ» የሚባል የግብር ቤት ደሴ ላይ ቆሞ እያለ እኛ በብስኩት ሱሁር ማደራችንን ባልደረባዬ ሲያነሣው መልስ አጣሁለት። ብዙም ሳንቆይ ተመለስን፤ ማፍጠሪያው ደርሶ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። በመጋዘኑ አቅራቢያ ያገኘነው ሆቴል አነስተኛ ነው፤ ዋጋው ቁርስን ጨምሮ 1,900 ብር ነበር። እውነቱን ለመናገር አዳሩ መጥፎ ነበር። ሙቀት ነው፤ የመታጠቢያው ውሃ በጠብታ ይወርዳል፤ ወደ ሚሌ አቅጣጫ የሚወርዱ የጭነት መኪኖች ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓሩ አደሩ። ደሴ የተውሁት ጸጥታና አንሶላ ናፈቀኝ። አሳንሰር የለውም፤ ካርድም የለውም።

ያለው አንድ ትልቅ የመስመር ደብተር ነው። መታወቂያችንን የመዘገበችው ወጣት ራስዋ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ጾመኛ ነዎት? ቁርስዎን በስንት ሰዓት እናቅርብልዎ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዘጠኝ ሰዓት አልኋት፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ጾሙ ከጥሉላት ብቻ ስለሆነ 2 ሰዓት ላይ እበላለሁ ብዬ አከልሁ፤ ይህንን ለማስረዳት ተዘጋጅቼ ነበር፣ አላስፈለገም። ወደ ባልደረባዬ ዞራ፣ «አንተስ ወንድሜ፣ ለሱሁር እናንኳኳልህ?» አለችው። ሰው ማስቸገር ይሆናል ብሎ ሲያመነታ፣ «አብሽር፣ ወጥ ቤት ያሉት እትዬም ይጾማሉ፤ ለራሳቸው ሲነሡ ለአንተም ነው» አለችና በደብተሩ ላይ ከስማችን ትይዩ ሰዓቱን ጻፈች።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የባልደረባዬ በር ሲንኳኳ እኔም በመኪኖቹ ምክንያት ነቅቼ ስለነበር ሰማሁ። ሩዝ በሥጋ፣ አንድ ብርጭቆ እርጎ፣ ሦስት ቴምርና ሻይ በትሪ መጥቶለት ነበር። ጠዋት ሲነግረኝ ፊቱ በርቶ ነበር፤ የሳምንቱን ድካም ያን ዕለት ረሳው።

እኔም ቅዳሜ 2 ሰዓት ላይ የሳምንቱን የመጀመሪያ ቁርሴን በላሁ። ቡፌ አልነበረም። እትዬ ራሳቸው ይዘውት መጡ፤ ራሳቸው እየጾሙ ለእኔ ጨጨብሳውን በዘይት አሹልኝ፤ ፉሉ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ተከትክቶ፣ ዳቦውም ከምጣዱ እንደ ወረደ ነበር። ዘይቱ የጾም ምጣድ ብቻ የሚያውቅ መሆኑን ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ቡናም ተፈልቶ እስከ በረካው ጠጣሁ። ስንት ሆቴል ቁርስ በልቻለሁ፤ በደስታ የማስታውሳቸው ግን ብዙ አይደሉም፤ ይህ ከእነርሱ አንዱ ነው።

አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ ለደሴው ሆቴል ሥራ አስኪያጅ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍሁ። የጾመኛ ደንበኛ ቁርስ በ9 ሰዓት እንዲቀርብ፣ በረመዳን አንድ ሠራተኛ ሌሊት ወጥ ቤት እንዲያድር፣ የጾሙም ጭልፋ እንዲለይ ለመንሁ። ወጪው ለሦስት ተመጋቢ ከሚዘረጋው ቡፌ እንደማይበልጥም በቁጥር አሳየሁ። መልስ እስካሁን አልደረሰኝም።

ቀጣዩ ቆጠራ በነሐሴ መጀመሪያ፣ በፍልሰታ ነው። የደሴውን ክፍል ገና አልያዝሁም። ኮምቦልቻ ግን ደውዬ ስሜን ስናገር ወጣቷ ደብተሩን ስታገላብጥ በስልክ ይሰማኝ ነበር፤ ከዚያም፣ «አዎ፣ አገኘሁት፤ በ9 ሰዓት ነበር አይደል ጋሼ?» አለችኝ።